ጃል አልቋል

የጋምቤላው እግር ኳስ ቡድን ኦፔኖ ኮከብ ከከፍተኛ ሊግ የወረደው በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋምቤላ ስታዲየም አጠገብ ባለችው የአጁሉ ሻይ ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ። ማን ይሰናበት? ማን ይምጣ? አሠልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሂድ? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደጋፊዎቹም ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ እያነሡ ይከራከራሉ። አጁሉ ራሷ ብርጭቆ እያጠበች ጣልቃ ትገባለች፤ ግብ ጠባቂውን አንድ ቀን አመስግና አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚከራከሩት ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ዘገየ ነው፤ ከደብረ ታቦር መጥቶ ጋምቤላ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ የጤና መኮንን። በአንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ የደጋፊ ማኅበሩም ጸሐፊ ነው። ሌላው ኦሞድ ነው፤ የአኙዋ ሰው፣ በርና መስኮት በያጅ፣ በጨዋታ ቀን ደግሞ ከበሮ መቺ። በወጣትነቱ በኑዌሮቹ ከተማ በማታር አምስት ዓመት ስለሠራ ኑዌርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። የዘገየ ሚስት ወልዳ ደም ሲፈሳት እጁን ዘርግቶ ደም የሰጣት ኦሞድ ነበር። የኦሞድ ታላቅ ልጅ ስትዳርም ከቤተ ዘመዱ ጋር ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ዘገየ ነው።

በዚያ ክረምት ሁለቱ በአብዛኛው ይስማሙ ነበር።

«የወረድነው ከየአገሩ በለቀምናቸው ሰዎች ነው» ይላል ኦሞድ። «ስድስት ወር ይጫወታሉ፣ ሻንጣቸውን ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ። የባሮን ድልድይ እንኳ ተሻግረው አያውቁም። አቦቦ ስንት ልጅ አለ! ኢታንግ ስንት ልጅ አለ! እነሱን አምጣ፣ ሁለት ዓመት ታገሥ።»

«ሁለት ዓመት አይበቃም፤ ሦስት በል» ይላል ዘገየ። «ዋናው ከሥሩ መጀመሩ ነው። ያለበለዚያ በየዓመቱ ስንገዛና ስናባርር እንኖራለን።»

«ከሥሩ ጀምር፤ ግን ጃልን አትንካ።»

«ጃልንማ ማን ይነካል።»

ጃል የቡድኑ አምበልና አጥቂ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከማታር፣ ከእናቱ ከኛታንግ ቤት ወጥቶ ጋምቤላ ሲመጣ ማረፊያ አልነበረውም። ኦሞድ ከመበየጃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጥቶት ሁለት ዓመት አብሮት በላ። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ቡድኑ ወደ ከፍተኛ ሊግ ያደገባትን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ቡድኑ የወረደ ቀን ሜዳ ላይ ቀርቶ ደጋፊውን ይቅርታ የጠየቀውም እሱ ብቻ ነበር።

በሰኔ አጋማሽ፣ ወረፋው በሳሳበት የምሳ ሰዓት ላይ ጃል ዘገየ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ጋሼ፣ ትንፋሼ እያጠረኝ ነው» አለ። «ከስልሳ ደቂቃ በኋላ አየሩ ያልቅብኛል። ስተኛም በጀርባዬ መተኛት አልቻልኩም፤ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው።»

ዘገየ ልብሱን አስወልቆ ደረቱን አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። በግራ ጎኑ አስተኝቶ እንደገና አዳመጠ። በልቡ ምት መካከል መኖር የሌለበት ድምፅ አለ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚንከባለል ድምፅ።

«ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን አሞህ፣ መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል?»

«ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን የማያመው አለ እንዴ?» አለ ጃል እየሳቀ።

ዘገየ አልሳቀም። ሪፈር ጽፎ ጅማ ላከው። ጃል ለክለቡ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብሎ ሄደ። በሐምሌ ሲመለስ ውጤቱን ዘገየ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የልቡ ቫልቭ ጠቧል፣ ደሙ ወደ ሳንባው እየተመለሰ ነው። ኳስ ፈጽሞ መጫወት የለበትም። መድኃኒት እየወሰደ፣ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ተራ ይጠብቅ ይላል ወረቀቱ። ተራው የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

«ለማንም አትንገር» አለ ጃል።

«እኔ አልናገርም። አንተ ግን ንገር። ለክለቡ ንገር። ቢያንስ ለኦሞድ ንገረው።»

«ለኦሞድ? በነጋታው ሥራውን ጥሎ ከአጠገቤ አይለይም፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሽተኛ ነው ከተባልኩ ማን ይወስደኛል? ጋሼ፣ ከእግሬ በቀር ምን ሙያ አለኝ? አንድ ዓመት ብቻ ልጫወት፣ ከዚያ ደረቴን ይክፈቱት።»

«አንድ ዓመት የለህም፣ ጃል። አንድ ጨዋታም ላይኖርህ ይችላል።»

ጃል ወረቀቱን ሊያጥፍ ሞከረ። እጁ ስለተንቀጠቀጠ እጥፋቱ እምቢ አለው፤ ዘገየ ተቀብሎ አጠፈለት።

ከዚያ በኋላ ዘገየ እንቅልፍ አጣ። የታማሚ ምስጢር የታማሚው ነው። ያንን ተምሯል፣ ምሎበታል፣ ሃያ ዓመት ኖሮበታል። ከጃል ፈቃድ ውጪ ለማንም ሊናገር አይችልም። ዝም ቢል ደግሞ ልጁ በጥቅምት ወደ ሜዳ ይገባል። ከብዙ ማሰብ በኋላ አንድ መንገድ ታየው። ክለቡ ራሱ ቢያሰናብተው ይቆማል። ከቆመ ይታከማል። ለዚህ ደግሞ የልቡን ነገር ማንሣት አያስፈልግም፤ የኳሱን ነገር ማንሣት ይበቃል።

በነሐሴ ክለቡ ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚሰናበት ለመወሰን ስብሰባ ጠራ። ደጋፊ ማኅበሩ ሁለት ወንበር ነበረው፤ ዘገየና ኦሞድ ተቀመጡበት። ሰብሳቢው አቶ ወንዳፈረው ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበበ። አሥራ አንድ ተጫዋች ይሰናበታል፣ ከአቦቦና ከኢታንግ ዘጠኝ ወጣት ይመጣል። ማንም አልተቃወመም። «አምበሉ ጃል ይቀጥላል፣ አዲሱ ቡድን በእሱ ዙሪያ ይዋቀራል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል ዘገየ እጁን አነሣ።

«እኔ በዚህ አልስማማም» አለ።

ኦሞድ የቀልድ መስሎት ዞሮ አየው።

ዘገየ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ጃል ዘንድሮ ያገባው ስድስት ጎል መሆኑን፣ ከስድስቱ አምስቱ ከእረፍት በፊት መሆናቸውን ተናገረ። ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ እንደሚራመድ፣ ኳስ ሲነጠቅ ተከትሎ እንደማይሮጥ አስረዳ። ወጣቶቹ እሱን እያዩ መራመድ ይማራሉ አለ። ከሥሩ እንጀምር ካልን ከሥሩ ነው፤ አንዱን አሮጌ ቅርንጫፍ ትቶ ዛፉ አዲስ አይሆንም አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚለው ሁሉ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነበር።

«ደክሞት ይሆናል» አለ አቶ ወንዳፈረው። «ዐርፎ ቢመለስስ?»

ዘገየ በር ሊከፈትበት እንደሆነ ገባው። ያችን በር ለመዝጋት ያልተዘጋጀበትን ቃል ተናገረ።

«አይመለስም። ጃል አልቋል።»

ኦሞድ ከወንበሩ ተነሣ። «ማን ነው ያለቀው? አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? እግሩ ተጎድቶ እንኳ በመርፌ ተጫውቶልህ የለም? ትናንት ‹ጃልንማ ማን ይነካል› ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ሐሳቤን ለወጥኩ።»

«ምክንያት ንገረኝ! ለእኔ ምክንያት ንገረኝ!»

ዘገየ ጠረጴዛውን እያየ «ነገርኩህ» አለ።

ድምፅ ተሰጠ። በሁለት ድምፅ ብልጫ ጃል ተሰናበተ። ኦሞድ ከአዳራሹ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ዘገየን የጎዳው ያ መርጋቱ ነው።

«ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ ነው ያኖርነው።»

ወሬው ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰ። «ጃል አልቋል» የሚለው ቃል ከአጁሉ ሻይ ቤት ወደ ባጃጅ ተራ፣ ከባጃጅ ተራ ወደ ገበያ ሄደ። ስለ ዘገየም ብዙ ተባለ። የራሱን ዘመድ ሊያስገባ ነው ያለም ነበር፤ ዘመዱ ማን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ዘገየ ዝም አለ። ስሙን ሰጥቶ ነፍስ እየገዛ እንደሆነ ለራሱ ይነግረው ነበር። የሰጠው ግን የራሱን ስም ብቻ አልነበረም።

ይህን የነገረው ጃል ነው። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ ቆሞ ጠበቀው።

«ቃልህን ጠበቅህ» አለው። «በሽታዬን አልተናገርክም። ለዚህ አመሰግናለሁ።»

«ጃል፣ ስማኝ…»

«ዛሬ ጠዋት አንዱ ባጃጅ ነጂ ‹አልቋል መጣ› አለ። ሰዎች ሳቁ። በሽተኛ መባልን ስፈራ ከዚያ የባሰ ስም ሰጠኸኝ።»

«ስም ይመለሳል። ታክመህ ስትድን እኔው ራሴ አደባባይ ወጥቼ እናገራለሁ። አሁን እናትህ ጋ ሂድ፣ ዐርፈህ ተቀመጥ። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ። ተራህ ሲደርስ እኔ ራሴ አዲስ አበባ ይዤህ እሄዳለሁ።»

ጃል አንገቱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን ዘገየ መለየት አልቻለም። በዚያው ሳምንት በጀልባ ወደ ማታር ወረደ። መስከረም ላይ ዘገየ ሁለት ጊዜ ደውሎ አገኘው፤ ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው አለው። ጥቅምት ላይ ስልኩ አልነሣ አለ። ማታር ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነውና ዘገየ በዚያ አሳበበ።

ኅዳር ላይ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ሲጠነክር የማታር ነጋዴዎች ዋንጫ አዘጋጁ። ስድስት ቡድን ገባ። ጃል ለአንዱ ፈረመ። መጀመሪያ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነበር የሚጫወተው። ለፍጻሜው ግን ሜዳ ከመግባቱ በፊት ለጓደኞቹ «ዛሬ ጋምቤላ ይሰማኛል» ብሎ ነበር። ሁለት ጎል አገባ። ሁለተኛውን ያገባው በሰባኛው ደቂቃ፣ ከመሀል ሜዳ ጀምሮ ሦስት ሰው አልፎ ነው። ሰዎች ሊያቅፉት ሲሮጡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ደስታው መስሏቸው ከላዩ ወደቁበት። ሲነሡ እሱ አልተነሣም።

ዘገየ የሰማው ከአጁሉ ነው። የሻይ ቤቱን ሥራ ጥላ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ጤና ጣቢያው ድረስ መጣች። «ዘገየ፣ ጃል ሞተ» አለችና እዚያው የታካሚ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዘገየ ግን አላለቀሰም። የሚቀጥለውን ታካሚ ጠርቶ ግፊት ለካ፤ የለካውን ቁጥር መጻፉን ረስቶ እንደገና ለካ።

ደጋፊ ማኅበሩ ለለቅሶ አንድ አይሱዙ ተከራየ። ሃያ ሰው ወጣበት። ዘገየ ሲመጣ ማንም ውረድ አላለውም፤ ማንም ቦታም አልለቀቀለትም። ኦሞድ ከፊት ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ኢታንግን አልፈው ማታር እስኪደርሱ ከዘገየ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የኛታንግ ግቢ በሰው ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በኑዌርኛ ይዘምራሉ። ኛታንግ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ የተላጨ አሮጊት ናት። ከጋምቤላ የመጡት ተራ በተራ እጇን እየያዙ አለፉ። ዘገየ ተራው ደርሶ ሲጎነበስ እጁን ሳትለቅ ከኋላው ለቆመው ለኦሞድ አንድ ነገር ተናገረች። 

«ምን አለች?» አለ ዘገየ። ከነሐሴ ወዲህ ለኦሞድ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«ምንም አላለች። እለፍ።»

«ኦሞድ፣ ምን አለች?»

ኦሞድ ወደ መሬት አየ። «‹ልጄን አልቋል ያለው ሰው ማን ነው?› ትላለች። ልጇን ጠይቃው ስሙን አልነግርሽም አላት።»

ዘገየ አሮጊቷ ፊት ተንበረከከ። «እኔ ነኝ በላት።»

«ተው፣ ዘገየ። ለቅሶ ላይ ነን። እዚህ አይባልም።»

«ንገራት፤ እለምንሃለሁ። እኔ ነኝ በላት።»

ኦሞድ ነገራት። ዝማሬው በቅርብ ካሉት ሴቶች ጀምሮ እየሳሳ ሄደ። ኛታንግ እጇን አልሳበችም፤ ትጠብቅ ነበር።

«ጃል ታሞ ነበር በላት» አለ ዘገየ።

ኦሞድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ዘገየ ዞረ። «ምን?»

«ልቡ ታሞ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ አውቅ ነበር። ለማንም አትንገር አለኝ፤ አልተናገርኩም። እንዲቆም ብዬ፣ ክለቡ እንዲያሰናብተው ብዬ አልቋል አልኩ። እንዲድን ነበር። ንገራት፣ ኦሞድ።»

ኦሞድ ወደ ኛታንግ ዞረ። ከዚያ በኑዌርኛ ጀመረ። «ልብ» የሚለው ላይ ሲደርስ በመዳፉ የራሱን ደረት ነካ።  የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነበረበት፤ መጀመሪያ ሲናገረው አልተሰማም።

ኛታንግ በጥሞና ሰማችው። ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ሲነግርህ ፈርቶ ነበር? ትላለች» አለ ኦሞድ።

ዘገየ ልዋሽ ብሎ አሰበ፤ አልሆነለትም። «አዎ። ፈርቶ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ኦሞድ ያንንም ነገራት። ያን ጊዜ አሮጊቷ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንባ ያላወጣችው፣ የዘገየን እጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጮኻ አለቀሰች። እያለቀሰች የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ኦሞድ ሳይጠየቅ ተረጎመው።

«‹ልጄ ፈርቶ ነበር፣ እኔ አላወቅኩም› ነው የምትለው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ኦሞድ ጭቃው ላይ በተገለበጠ ጀልባ ተቀመጠ፤ ዘገየ እንደቆመ ቀረ።

«ሁለት ዓመት ከልጆቼ ጋር አንድ ሳህን በልቷል» አለ ኦሞድ። «ብትነግረኝ እግሩን በሰንሰለት አስሬ ቤቴ አስቀምጠው ነበር።»

«ምስጢሩ የእሱ ነበር፣ ኦሞድ። የእኔ አልነበረም።»

«እሺ። ምስጢሩ የእሱ ነው። ይገባኛል፤ ሥራህ ነው። ‹አልቋል› የሚለው ቃልስ የማን ነው?»

ዘገየ ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር። በር ሊዘጋ እንደፈለገ፣ ቃሉ ሳያስበው እንደወጣ፣ ያለዚያ ቃል ድምፁ እንደማይበቃ።

«የእኔ ነው» አለ።

ኦሞድ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔም ነገር አለኝ» አለ ቆይቶ። «በጥቅምት ደወለልኝ። ‹ልጫወት ወይስ ልተው?› አለኝ። ‹ግባና አሳያቸው› አልኩት። ‹ያ ሰውዬ ይፈር› አልኩት።»

ወንዙ ላይ የነጋዴ ጀልባ ወደ ላይ እየተንገታገተ አለፈ። ሁለቱም እስኪርቅ አዩት። ዘገየ ከጀልባው ጫፍ ላይ፣ ከኦሞድ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አይሱዙው ጡሩንባ እስኪነፋ ድረስ አልተነሡም።

አዲሱ የኦፔኖ ኮከብ ቡድን ያን ዓመት አራተኛ ወጣ። የአቦቦዎቹ ልጆች በእርግጥ ሮጠው የማይደክሙ ሆኑ፤ ሰዉም ከሥር መጀመሩ ትክክል ነበር አለ። ዘገየ ከጸሐፊነቱ በፈቃዱ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ግን በየዓመቱ ውል ከመፈረሙ አስቀድሞ የሁሉም ተጫዋች ልብ እንዲታይ በጽሑፍ ጠየቀ፤ ክለቡ ተቀበለው። በዚያው ታኅሣሥ፣ ቀድመው የፈረሙትም ሳይቀሩ፣ ሃያ አራት ደረት አዳመጠ። ሁሉም ጤነኛ ነበሩ። የመጨረሻው ልጅ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ ዘገየ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ኦሞድ ዛሬም ከበሮውን ይመታል። ዘገየን በመንገድ ሲያገኘው ቆሞ ሰላም ይለዋል፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፤ በዓል ሲሆንም ልጁን ዓሣ አስይዞ ይልክለታል። ክረምት ሲገባ፣ የአጁሉ ሻይ ቤት እንደገና ማን ይምጣ ማን ይሂድ እያለ ሲሟሟቅ ግን ዘገየ በዚያ አያልፍም። ከሥራ ሲወጣ በገበያው በኩል ዞሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።